አድራሻ የሌለው ዕዳ ሰብሳቢ፦ ከቁራኛ እስከ ጅዛን ድንበር

ያበደሩትን ገንዘብ ማስመለስ በብዙ አገሮች ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ፈቃድ ይወጣበታል፣ ግብር ይከፈልበታል፣ ባለሙያዎቹም እንደ ጠበቆችና እንደ ሒሳብ አዋቂዎች በማኅበር ይደራጁበታል። በእንግሊዝ የዚህ ሙያ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1906 ሲሆን፣ በአሜሪካ ደግሞ አገር አቀፉ የዕዳ ሰብሳቢዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1939 ተቋቁሞ በየክፍለ ግዛቱ ካሉ ማኅበራት ጋር እስከ ዛሬ ይሠራል። ማኅበራቱ የተቋቋሙት የአባሎቻቸውን ጥቅም ለማስከበር እንጂ ለባለዕዳው አዝነው እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ይሁን እንጂ ሙያው ስምና አድራሻ በማግኘቱ ሕግ አውጪው የሚያዘው፣ ባለዕዳውም የሚከሰው አካል ሊኖር ችሏል። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ ሰብሳቢው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊትና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ባለዕዳውን በስልክ እንዳያስቸግር፣ እንዳይዝትበትና የዕዳውን ነገር ለጎረቤቱ ወይም ለአሠሪው እንዳያወራ ይከለክላል። ሕጉ ይጣሳል፤ ሲጣስ ግን ባለዕዳው ፍርድ ቤት ሄዶ ካሳ የሚጠይቅበት በር ክፍት ነው።

በኢትዮጵያም ሆነ በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡባዊ ጠረፍ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ እንዲህ ያለ ማኅበር የለም። ዕዳ መሰብሰብ ግን አለ፤ እንዲያውም ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከአርሲ ወይም ከጅማ ተነሥቶ የመንን አቋርጦ ጅዛን የሚደርስ ወጣት በመንገዱ ላይ የሚያገኘው እጅግ የተደራጀ ሥራ ይኸው ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንዱ ዕዳ ከመንደር ይነሣል፣ ሌላው በየመን በረሃ ይጫናል፣ ሦስተኛው በአሠሪው ቤት ይጠብቃል፤ የሦስቱም ሰብሳቢዎች የተለያዩ ሲሆኑ፣ ከሁሉም የሚበረታው ስሙና አድራሻው የማይታወቀው ነው።

ጅዛን በቀይ ባሕር ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማ ስትሆን፣ በስሟ የሚጠራው አውራጃ ከባሕሩ ሜዳ ተነሥቶ ቡናና ጫት እስከሚበቅልባቸው የፈይፋና የአል ዳየር ተራሮች ይዘልቃል። ሳምጣ፣ አቡ አሪሽና ሰብያ የሜዳው ከተሞች ናቸው፤ አል ጡዋል ደግሞ በየመን በኩል ካለችው ሐረድ ጋር የምትገናኝ የድንበር በር ነበረች። ይህ አገር እ.ኤ.አ. በ1934 በጣኢፍ ውል በሳዑዲ ሥር ከጸና በኋላም በሁለቱ ወገን ያሉት ጎሣዎች በዝምድናና በንግድ እንደተሳሰሩ ለብዙ ዓመታት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የየመን ጦርነት ሲጀመር የሜዳው መንገድ በመዘጋቱ፣ አብዛኛው የኢትዮጵያውያን ጉዞ በየመኗ ሰዓዳ በኩል ወዳለው ተራራማ ድንበር ዞረ። ለኢትዮጵያውያኑ ሌላም ችግር አለ፤ ቅርብ የሚባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ የሚገኘው በጂዳ ሲሆን፣ ከጅዛን እስከዚያ ያለው መንገድ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው በየኬላው እየተፈተሸ ይህን መንገድ ሊሄድ አይችልምና፣ አቤት የሚልበት ቦታ በካርታ ላይ ቢኖርም ለእርሱ እንደሌለ ይቆጠራል።

የዕዳ አሰባሰብ ታሪክ በኢትዮጵያ ረጅም ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ብድር፣ ስለ መያዣና ስለ ዋስ የሚደነግጋቸው ነገሮች አሉት፤ በሕዝቡ ዘንድ ይበልጥ የታወቀው ግን ቁራኛ ነው። ባለገንዘቡ ዕዳውን ሊከፍለው ያልቻለውን ወይም ያልፈለገውን ሰው ሲያገኘው በንጉሡ ስም፣ ለምሳሌ «በምኒልክ አምላክ» ብሎ ያቆመዋል፤ በንጉሥ ስም የቆመ ሰው ጥሎ መሄድ ስለማይችል ሁለቱ በአቅራቢያ የተገኘ ሽማግሌ ወይም መንገደኛ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ዳኛውም ዋስ የሌለውን ባለዕዳ ከባለገንዘቡ ጋር የነጠላቸውን ጫፍ አስቋጥሮ፣ ነገሩ ከበድ ሲል ደግሞ በሰንሰለት እጅ ለእጅ አቆራኝቶ ይሰዳቸዋል። የዳግማዊ ምኒልክን ዘመን አዲስ አበባ የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች እንዲህ ተቆራኝተው በገበያ ሲዘዋወሩ ያዩዋቸውን ሰዎች በፎቶግራፍ ጭምር መዝግበው አቆይተዋል።

ይህን ሥርዓት ለማወደስ ምክንያት የለም፤ ሰውን እንደ ከብት ማሰር ነው። ነገር ግን በአሠራሩ ውስጥ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። የመጀመሪያው ሥርዓቱ አሳሪውንም ማሰሩ ነው፤ ባለገንዘቡ ባለዕዳውን ይዞ መብላት፣ መተኛትና ደጅ መጥናት ስላለበት ሥራው ይፈታል፣ አቅም ያለው ደግሞ በራሱ ምትክ አሽከሩን ያቆራኛል እንጂ ወጪውን አያመልጥም፤ በዚህም ምክንያት ነገሩ በሽምግልና ቶሎ እንዲያልቅ ሁለቱም ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ነገር ሁሉ በአደባባይ መሆኑ ነው። ማን ማንን፣ በስንት ብር፣ በየትኛው ዳኛ ትእዛዝ እንደያዘው መንገደኛው ሁሉ ያያል፤ ዋስ ሊሆን የሚፈልግ ዘመድም ሰውየውን ፈልጎ ለማግኘት አይቸገርም።

ዘመናዊው ሕግ ይህን ሁሉ በወረቀት ተካው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በስተቀር እንዳይረጋገጥ ደነገገ፤ ተዋዋዮች የሚስማሙበትንም ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የወለዱ መጠን በጽሑፍ ካልተገለጸ 9 በመቶ እንዲታሰብ አደረገ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም የፍርድ ባለዕዳ ንብረት የሚያዝበትንና በሐራጅ የሚሸጥበትን መንገድ ዘርዝሮ፣ አቅም እያለው አልከፍልም የሚል ሰው እስከ ስድስት ወር ሊታሰር እንደሚችል አስቀመጠ። በሌላው ሰው ችግር ተጠቅሞ ከመጠን ያለፈ ወለድ መቀበል፣ ማለትም አራጣ ማበደር፣ በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ድርጊት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በውል የገባውን ግዴታ ለመወጣት አቅም በማጣቱ ብቻ ማንም ሰው እንዳይታሰር ይከለክላል።

ከዚህ በኋላ የተደራጁት አበዳሪዎቹ ናቸው። ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የኢትዮጵያ ባንኮች ማኅበርን፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በአማራ ክልል ገጠር ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ገበሬዎችን በቡድን አደራጅቶ ያለ ንብረት መያዣ ሲያበድር፣ የቡድኑ አባላት አንዱ ለሌላው ዋስ በመሆናቸው ዕዳ የመሰብሰቡ ሥራ ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ጎረቤት ተላለፈ። ይህ ዘዴ ለተቋሙ ርካሽ ነው፤ ለመንደሩ ግን ርካሽ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ልጁን ወደ ሳዑዲ ለመላክ የእርሻ ብድር ያዞረ አባት ልጁ ሳይሠራ ሲቀር፣ መክፈያው ቀን ሲደርስ በሩን የሚያንኳኩት አብረውት እድር የገቡ ሰዎች ናቸው።

የጉዞው የመጀመሪያ ዕዳ የሚነሣው ከዚህ ነው። የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ገበሬ ሊሸጠው አይችልም፤ ስለዚህ በሬ ይሸጣል፣ ማሳው በኪራይ ወይም በወለድ አገድ ይሰጣል። ወለድ አገድ ማለት አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ በወለድ ፈንታ የባለዕዳውን መሬት አርሶ የሚበላበት ስምምነት ነው። ይህም ካልበቃ ወደ አራጣ አበዳሪ ይኬዳል። አራጣ አበዳሪው ሕጉን ስለሚያውቅ በውሉ ላይ ወለድ የሚባል ነገር አያስገባም፤ 50,000 ብር የተቀበለ ሰው 100,000 ብር ያለ ወለድ እንደተበደረ ተጽፎ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ፊት ይፈርማል፤ ውሉ ፍርድ ቤት ቢቀርብ 12 በመቶውን የጣሰ ነገር አይገኝበትም። ምስክሮቹ እውነቱን ያውቃሉ፤ ነገ እነርሱም ከዚያው ሰው መበደራቸው ስለማይቀር ግን ዝም ይላሉ።

ሁለተኛው ዕዳ በመንገድ ላይ የሚጫነው ነው። ደላላው በመንደሩ ውስጥ ገንዘብ የሌለውን ልጅ «ስትደርስ ትከፍላለህ» ብሎ ያለ ምንም ክፍያ ያስነሣዋል። ልጁ በጅቡቲ በኩል ከኦቦክ፣ ወይም በሶማሊያ በኩል ከቦሳሶ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራል፤ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን የተሻገሩት ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ሆነው፣ ከ138,000 በላይ እንደነበሩ መዝግቧል። ባሕሩን የተሻገረው ልጅ የደላላው ደንበኛ መሆኑ ቀርቶ መያዣ ይሆናል። ተቀባዮቹ አጥር ባለው ግቢ ውስጥ አግተው ስልክ ይሰጡታል፤ እየተደበደበ ለእናቱ ወይም ለአባቱ እንዲደውል ይደረጋል፤ የሚጠየቀውም ገንዘብ ከመንገዱ ዋጋ ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ቤተሰቡ ሊያወጣው ይችላል ተብሎ የተገመተ ቤዛ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዘገባ በሐረድ ዙሪያ፣ ማለትም ከአል ጡዋል ማዶ፣ በነበሩ እንዲህ ባሉ ግቢዎች የተፈጸመውን ስቃይና የአንዳንድ የየመን ባለሥልጣናትን ተባባሪነት በዝርዝር አቅርቧል።

የገንዘቡ አከፋፈል መንገድ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው፤ የዚህ ሥራ አድራሻ የጠፋው በእርሱ ውስጥ ነውና። ሐዋላ ጥሬ ገንዘብ ድንበር ሳይሻገር ዋጋው የሚሻገርበት የቆየ አሠራር ነው። አባትዬው ኮምቦልቻ ወይም ሐራ ወዳለ ባንክ ሄዶ በስልክ በተነገረው የሂሳብ ቁጥር ብር ያስገባል፤ የሂሳቡ ባለቤት ስለ እገታው ጨርሶ የማያውቅ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ብሩ መግባቱ በስልክ ሲነገር በየመን ያለው የሐዋላ ሰው ለአጋቹ የዚያኑ ያህል ሪያል ይሰጣል፤ ሁለቱ ሐዋላተኞችም ሂሳባቸውን በሌላ ጊዜ፣ በሸቀጥ ወይም በሌላ ሰው ገንዘብ ያቻችላሉ። በአባትዬው እጅ የሚቀረው የባንክ ደረሰኝ ብቻ ነው፤ ደረሰኙም የልጁን ስም፣ የአጋቹን ስም ወይም የተከፈለበትን ምክንያት አይናገርም። ለፖሊስ ቢያመለክት የሚያሳየው ነገር ለማያውቀው ሰው በፈቃዱ ብር ማስገባቱን ነው። በቁራኛው ዘመን ባለዕዳውና ያዡ በአንድ ነጠላ ታስረው በገበያ ይታዩ እንዳልነበር፣ እዚህ ላይ መያዣው በአንድ አገር፣ ከፋዩ በሌላ አገር፣ ተቀባዩ ደግሞ በማይታወቅ ቦታ ይገኛሉ።

ቤዛው ተከፍሎ የተለቀቀው ሰው ከሰዓዳ ተራሮች ወደ ጅዛን ለመሻገር እንደገና ለሌላ ደላላ ይከፍላል፤ ይህም መንገድ ለሞት የሚዳርግ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ የገለጸ ሲሆን፣ የሳዑዲ መንግሥት ክሱ መሠረት የለውም ብሏል። የሞተው ሰው ዕዳ ግን አብሮ አይሞትም፤ ውሉን የፈረመው አባቱ ወይም ወንድሙ ነው።

በሳዑዲ በኩል ሕግ የለም ማለት አይቻልም፤ የዕዳ ሕጉ እንዲያውም ጥብቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የፍርድ አፈጻጸም ሕግ መክፈያ ትእዛዝ ደርሶት በአምስት ቀን ውስጥ ያልከፈለን ወይም በቂ ንብረት ያላሳየን ባለዕዳ ከአገር እንዳይወጣ ያግዳል፣ ሀብቱን ይመረምራል፣ እስከ እስርም ያደርሳል። በሌላ በኩል የእስልምና ሕግ ወለድን ይከለክላል፤ ዕውነተኛ ችግር ላይ የወደቀ ባለዕዳም እስኪቀናው ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል፤ በዕዳ ምክንያት እስር ቤት ላሉ ሰዎች ለጋሾች በመንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት አማካይነት ገንዘብ የሚያዋጡበት ፉሪጃት የሚባል መንገድም ተዘርግቷል። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ደግሞ ባንኮችና የፋይናንስ ኩባንያዎች ከግለሰብ ደንበኞቻቸው ዕዳ የሚሰበስቡበትን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2018 በመመሪያ ወስኗል። ይህ ሁሉ የሚያገለግለው ግን በመዝገብ ላለ ሰው ነው፤ የመመሪያው ጥበቃ የባንክ ደንበኛ ለሆነ ሰው እንጂ በሳምጣ እርሻ ወይም በአል ዳየር ተራራ ፍየል ለሚጠብቅ፣ ኢቃማ ለሌለው ኢትዮጵያዊ አይደርስም። ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ሲሆን፣ ያለ እርሱ የባንክ ሂሳብ መክፈትም ሆነ ደመወዝ የከለከለን አሠሪ በቀላሉ መክሰስ አይቻልም።

በሕጋዊ መንገድ የሄዱትም ከዕዳ አያመልጡም። ከፊል ተብሎ የሚጠራው አሠሪ የቤት ሠራተኛዋን ለማስመጣት ለኤጀንሲ ብዙ ሪያል ስለሚከፍል፣ ያወጣውን ገንዘብ በእርሷ ላይ እንዳለው ዕዳ ይቆጥረዋል፤ የውሉ ዘመን ሳያልቅ ልሂድ ስትለው ወጪውን እንድትመልስለት ይጠይቃል፣ ጥላው ከሄደች ደግሞ ሁሩብ ያስመዘግብባታል፤ ይኸውም ከሥራ ጠፍታለች የሚል ሪፖርት ሲሆን፣ መኖሪያ ፈቃዷን ዋጋ ያሳጣዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 በሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የሠራተኛ ማሻሻያ የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 923/2008 በበኩሉ የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱንና የመድን ወጪውን በአሠሪው ላይ ጥሎ፣ ለሠራተኛው የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የመሳሰሉትን ብቻ ትቷል፤ ኤጀንሲዎችም የ100,000 የአሜሪካ ዶላር ዋስትና እንዲያስይዙ አዟል። ኤጀንሲው ቢሮ፣ የንግድ ፈቃድና በባንክ የታገደ ገንዘብ አለውና ሲያጠፋ የሚነካ ነገር አለው። የኢትዮጵያ መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የሕጋዊውን ጉዞ አግዶ እስከ 2010 ዓ.ም. ሲያቆየው ግን ፈላጊው አልቀነሰም፤ መሄድ የፈለገው ሁሉ የሚነካ ነገር ወደሌለው ደላላ ዞረ። እገዳው ለዜጎች ከለላ ተብሎ የወጣ ቢሆንም፣ ያለ አድራሻ የሚሠሩትን ማጠናከሩ አይካድም።

ጅዛን የደረሱት ኢትዮጵያውያን ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለራሳቸው ያስቀሩት ሥርዓት ቢኖር እቁብ ነው። እቁብ አባላቱ በየጊዜው እኩል አዋጥተው ድምሩን በየተራ በዕጣ የሚወስዱበት የቁጠባ ማኅበር ሲሆን፣ አስቀድሞ የወሰደ ሰው ለቀሩት ባለዕዳ ስለሚሆን፣ በኢትዮጵያ እንደተለመደው ዕጣው የወጣለት ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይረከብም፤ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የታወቁ ናቸው፣ ያዘገየ ይቀጣል። በስደት አገር ግን ዋሱም ባለዕዳውም በአንድ ሌሊት ሊያዙና ሊባረሩ ይችላሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ብዙ ሰዎች ያጠራቀሙትን ገንዘብ እንኳ ሳይሰበስቡ ነው የተጫኑት። ስለዚህ በጠረፍ ከተሞች እቁብ የሚጣለው በአንድ አካባቢ ልጆች፣ በአንድ ቀበሌ ተወላጆች መካከል ነው፤ ባለዕዳው ቢባረር እንኳ ገንዘቡ ከቤተሰቡ በሽማግሌ ይጠየቃል።

የሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን በዕዳ መያዣነት መያዝን ከብዝበዛ ዓይነቶች መካከል ቆጥሮ ከባድ ቅጣት ደንግጎበታል፤ ለተጎጂዎችም ድጋፍ የሚውል ፈንድ አቋቁሟል። በዚህ አዋጅ የሚከሰሰው ግን ብዙውን ጊዜ በመንደር ያለው መልማይ ነው፤ ከሰንሰለቱ ፊቱ የሚታወቀው እርሱ ብቻ ነውና። እርሱም ቢሆን ልጁ በፈቃዱ እንደሄደ፣ ሰባራ ሳንቲም እንዳልተቀበለበት ይናገራል፤ ይህም ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ገንዘቡን የተቀበሉት በየመን ያሉት ናቸው።

ከጅዛን ተባርሮ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የወረደ ሰው መንደሩ ሲገባ የሚጠብቀው የመጀመሪያው ዕዳ ነው። አበዳሪው ውሉን ይዞ ይቀርባል፤ ቤተሰቡ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ 100,000 ተብሎ የተጻፈው 50,000 እንደነበር ስለሚያውቁ፣ ከትርፉ ላይ ጥቂት አስቀንሰው የቀረው በመኸር በመኸር እንዲከፈል ያስማማሉ፤ በወለድ አገድ የተያዘው ማሳ አንድ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያደርጋሉ። ለሐዋላ የገባው ቤዛ ግን በየትኛውም ውል ላይ ስላልተጻፈ በሽምግልናው አይነሣም፤ በሂሳቡ ውስጥ የሚገባው ቤዛውን ለመክፈል ከሁለተኛ አበዳሪ የተወሰደው ብድር ነው፤ ያም አበዳሪ የራሱን ውል ይዞ ተራውን ይጠብቃል።